የፉርሽካ ስኳር

ጥቅምት 11 ቀን

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ፣ ለእቱ፣

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና እናቴ እቴቴ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከቤቱ የጎደለው ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው። ፈጣሪ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ።

እቴቴ ሳምልኝ ብላለች። እኔን ወለደች፣ አንቺን ደግሞ እናትሽ ካረፈች ወዲህ አሳደገች፤ ከሁለታችን ማንን እንደምታስበልጥ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ «አዎ፣ እሷን ነው» ትላለች። ለኪኒኗ ብለሽ የላክሽው ደርሷል፤ ተባረኪ። የስኳር በሽታዋ እንዳለ አለ፤ አልባሰም፣ አልለቀቃትምም።

የወፍጮ ቤቱን ነገር ከጠየቅሽ፣ ስንዴው ይፈጫል፣ ዱቄቱ ይሸጣል፣ ፉርሽካው ጓሮ ተከምሮ ከብት አርቢዎችን ይጠብቃል። ከዚሁ ከፉርሽካ እናንተ እዚያ በድርጅታችሁ ላቦራቶሪ ስኳር እንደምታወጡ ለደንበኞቼ ብነግራቸው «እንግዲያው ከድንጋዩም ዘይት ጭመቅልን» ብለው ሳቁብኝ። ያልሳቀው ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ብቻ ነው። «አብራርታ ትጻፍልን» አለ። እስቲ ወፍጮ ቤት ለሚቆም ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፊልን። ነጩን ጋዋን ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶ ካለም ጨምሪበት፤ እቴቴ ከመስኮቱ ጎን ግድግዳው ላይ ቦታ ይዛለታለች።

ወንድምሽ ባለወፍጮው


ኅዳር 20 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ቤት ሠርቷል። ዕድሜና ጤና ለሁላችሁም ይስጥልኝ፤ የእቴቴን ጉልበት በእኔ ስም ሳምልኝ።

እሺ፣ ላስረዳ። እቴቴ ልብስ ስፌት ድርጅት ቆራጭ በነበረች ጊዜ ጣቃውን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔ አስምራ፣ በዚያ ትልቅ መቀስ ስትቆራርጠው አብረን አይተናል። የፉርሽካው አሰር ልክ እንደ ጣቃው ነው። ረጅም ነው፣ እርስ በርሱ ተጠቅልሏል፤ የእኛ ሆድ ጫፉን እንኳ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ እንደገባ ይወጣል። በበሰበሰ ገለባ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን መቀስ አላቸው። ያ መቀስ ኢንዛይም ይባላል። እኛ ባክቴሪያዎቹን ትልቅ ጋን በሚመስል ብረት ውስጥ እናራባለን፣ መቀሳቸውን እንወስዳለን፣ ለብ ባለ ውሃ ከተዘፈዘፈ ፉርሽካ ጋር እናገናኘዋለን። ረጅሙ ሰንሰለት ሁለት ሦስት ቀለበት ብቻ እየያዘ ይበጣጠሳል። እነዚያን ቁርጥራጮች ነው ኬሚስቶች ስኳር የሚሏቸው።

ታዲያ እነሱንም እኛ አንበላቸውም። አልፈው ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ የሚኖሩ ደጋግ ባክቴሪያዎች ይቀበሏቸዋል። የአንጀት ተከራዮች በላቸው። እነሱ ሲጠግቡ ባለቤቱ ይመቸዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከልክ በላይ የበላ ሰው ሆዱ ይነፋል። አንዴ በራሴ ላይ ሞክሬው ቀኑን ሙሉ አሳንሰር ፈርቼ በደረጃ ስመላለስ ዋልኩ።

አንድ ነገር አደራ። ይህ መድኃኒት አይደለም። ለሆድ የሚስማማ ነገር ነው እንጂ በሽታ አይፈውስም። ለመምህሩም እንዲሁ ንገረው።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ጋዋኑ የሰፋኝ የእኔ ስላልሆነ ነው፤ የእኔ በዚያን ቀን እጥበት ላይ ነበር።

እህትህ


ጥር 3 ቀን

ለዶክተር እህቴ፣ ለቤታችን መብራት፣

ጤናሽ እንደ ወንዝ ውሃ ሳይቋረጥ ይፍሰስ። እኛ እንደምትመኚልን ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰ ወዲህ የእኔ ስም ተለውጧል፤ መንገድ ላይ «የዶክተሯ ወንድም» ነው የምባለው። ፎቶሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግድግዳው ላይ ለመሰቀል እንኳ ጊዜ አላገኘም።

አንዳንድ ጥያቄ አለኝ። ፉርሽካው የሚዘፈዘፍበት ውሃ ሙቀቱ እጅ ሲገባበት የሚቻል ነው ወይስ የማይቻል? ከተጣራ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል ወይስ በእሳት? ከእነዚያ ባክቴሪያዎች ጥቂቱን በደረቁ በፖስታ ውስጥ ማስገባት ይቻላል? እርሾ በወረቀት ተጠቅልሎ አገር ያቋርጥ የለም እንዴ። ለማወቅ ያህል ነው። ሰው ይጠይቀኛል፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ያንቺን ስም ማሳነስ መሰለኝ።

ሌላው፣ ለእቴቴ ኪኒን የምትልኪውን ከእንግዲህ ተይው። አያስፈልግም። አንቺም ለራስሽ ወፈር ያለ ካፖርት ግዢበት። እቴቴ እንደ ልጃገረድ ሆናለች፤ አዲሱ ጫማ ትንሿን ጣቷን ልጧት ትንሽ ከማነከሷ በቀር ምንም አልሆነች። ወፍጮ ቤት በር ላይ ከእኔ ጋር ትውላለች፣ ከደንበኛ ጋር ስትጫወት ቀኑ ይመሽላታል።

አክባሪ ወንድምሽ


ጥር 28 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ባክቴሪያ በፖስታ አልክም። እርሾ አይደለም፤ ሕግም አለው፣ አደጋም አለው። ውሃ ማሞቅና ማድረቅም ብቻውን ምንም አይቆርጥም። መቀሱ የሌለበት ፉርሽካ እርጥብ ፉርሽካ ነው። ለምን እንደምትጠይቀኝ ግን አልጻፍክልኝም።

«ኪኒን አያስፈልግም» ማለትህም አልገባኝም። ማን ነው አያስፈልግም ያለው፣ ሐኪም ነው? የስኳር በሽተኛ እግር ላይ የወጣ ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለም፤ ነገ ሳትል ውሰዳት። ስልክ ደጋግሜ ደውያለሁ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታ ይቅደም ስለሚባል፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ለጥሩ ሰላምታ ግን ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

መልስህን ጠብቄ ጠብቄ ነበር። መልስህ በሌላ ሰው ሻንጣ ገብቶ መጣ። ከከተማችን ለትምህርት የመጣች ነርስ ስልኬን አፈላልጋ ደወለችልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዱቄትሽ አገሩን ሞላው» አለችኝ። «የምን ዱቄት?» አልኳት። ያሾፍኩባት መስሏት ሳቀች። ስንገናኝ ከቦርሳዋ ሰማያዊ ፓኬት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ፤ ስጦታ መሆኑ ነው።

ፓኬቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በሰው ጋዋን፣ እቴቴ ግድግዳ ላይ እንድትሰቅለው በላክሁት ፎቶ። ከሥሬ «የአንጀት ወዳጅ፤ የታዋቂዋ ዶክተር ግኝት» ይላል። ጀርባውን ገለበጥኩት፦ ለሆድ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታ፣ ለሕፃናት ቁርጠት። ለሕፃናት።

በማግስቱ ይዤው ሥራ ገባሁ። በውሃ በጠበጥኩት፣ አጣራሁት፣ ከእኛ ናሙና ጋር ጎን ለጎን የስኳርን ዓይነት በሚለየው መሣሪያ ውስጥ አስገባሁት። የእኛ ናሙና ወረቀቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ያወጣል፤ እነዚያ ቁርጥራጮቹ ናቸው። ያንተ አንድ ተራራ አወጣ። ሻይ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር። ሌላው የተቆላ ፉርሽካ ነው። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ወረቀቱን አይታ «ይሄ የማን ናሙና ነው?» ስትለኝ ፓኬቱን በመዳፌ ሸፈንኩት። ሰርቄ የተያዝኩ ይመስል።

ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ወስደህ ቆልተህ፣ ስኳር ነስንሰህ፣ ፊቴን ለጥፈህ ሸጥከው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ይሆናል። ግን በቤታችን የስኳር በሽተኛ አለች። ጋሼ፣ እቴቴ ይህን ዱቄት ትወስዳለች? ኪኒኗን ትውጣለች? እግሯ ምን ሆነ? ሌላ ምንም አትጻፍልኝ፤ እነዚህን ሦስቱን ብቻ መልስልኝ።


ግንቦት 2 ቀን

ለተማረችው እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስድብሽ በሰላም ደርሶኛል።

ሰው በእህቱ መኩራት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ፎቶሽን ቆሻሻ ላይ አልለጠፍኩም። ንጹሕ ስንዴ ነው፣ ንጹሕ ፉርሽካ ነው፤ ባለቤቴ በእጇ ትለቅመዋለች፣ ትነፋዋለች። ስኳር ነው ብለሽ የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ቃሉን ከሰማይ አላወረድኩትም፤ ደብዳቤሽ እነሆ ከፊቴ አለ። እንዳልሽው ዘፈዘፍኩ፣ አሞቅኩ፣ አጣራሁ፣ ቀመስኩት። ገለባ ገለባ ይላል። የማይጣፍጥ ስኳር ለማን ይሸጣል? ቆላሁት፣ ጣዕም ጨመርኩበት። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

መምህሩ ስንት ዘመን ሲያሰቃየው የኖረው የሆድ ድርቀት ለቆታል፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይመርቀኛል። እሱም ተሳስቷል በይ እንግዲህ። ደግሞ የእናንተን ድርጅት ቆርቆሮ እዚህ አይተነዋል፤ አንድ መንገደኛ ይዞት መጥቷል። የሚስቅ ሕፃን ተስሎበታል፤ «ደስተኛ ሆድ፣ ደስተኛ ሕይወት» ይላል። እነሱ ሲሉት ሳይንስ፣ እኔ ስለው ሌብነት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ገለባውን ከእኛ ዓይነት ሰው ጓሮ ወስዳችሁ፣ በውሃ አርሳችሁ፣ በወርቅ ዋጋ ትሸጣላችሁ፤ ባለጓሮው አንዲት ፓኬት ሲያሽግ ግን ፖሊስ ይጠራ ትያላችሁ።

እናትን የማስታምመው እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ወረፋ የምቆመው፣ ጫማዋን የማጠልቅላት፣ ስትቆጣ ቁጣዋን የምችለው እኔ ነኝ። አንቺ ከሞቀ ክፍል ሆነሽ ጥያቄ ትልኪያለሽ፤ ያውም ቁጥር ሰጥተሽ፣ እንደ መርማሪ። እስከ ዛሬ የታላቅ ወንድምሽን አፍ በአንድ ቃል አልዘጋሽም ነበር። ባሕር ማዶ ይህንንም ያስተምራል ማለት ነው።

እቴቴ ሰላም ብላለች።

ወንድምሽ፣ አሁንም ወንድምሽ ከሆንኩ


ግንቦት 20 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥህ። ወንድሜ ነህ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ባዳ ቢሆን ኖሮ ስሙን ረስቼ እተኛ ነበር።

ስለ ቆርቆሮው ትክክል ነህ። ሕፃኑን ሊስሉበት ሲሉ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ይህን ለሕፃን አልሞከርንም፤ ምን ማስረጃ አላችሁ?» አልኩ። የሽያጭ ኃላፊው «የሚስቅ ሕፃን ምንም አይልም፤ ይስቃል እንጂ» ብሎ መለሰልኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ስብሰባ አልጠራም። ስለዚህ የእነሱን ነውር ለእኔ አትንገረኝ፣ ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። የእነሱ ነውር ግን ያንተን አያጥበውም። እነሱ ቢያንስ አለ ያሉትን ነገር ቆርቆሮው ውስጥ አድርገውታል።

መምህሩ ተሽሎት ከሆነ ደስ ይለኛል። ፉርሽካ የደረቀ ሆድ እንደሚያለሰልስ ወፍጮ ከተፈጠረ ጀምሮ ሰው ያውቃል፤ ለዚያ የእኔ ፊት አያስፈልግም ነበር። ስኳር የሚለውን ቃል ደግሞ እኔ ጻፍኩት፣ አዎ። «መድኃኒት አይደለም» የሚለውንም በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቀለም ጻፍኩት። ያንን ዓይንህ ዘለለው።

አሁን ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ገጹ ሙሉ ነው። ፉርሽካ አለ፣ መምህሩ አለ፣ ቆርቆሮው አለ፣ የእኔ ትዕቢት አለ። እቴቴ ግን «ሰላም ብላለች» ብቻ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የጠየቅሁህን ያልመለስከው መልሱን ስላጣኸው አይደለም።

ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ልንገርህ፤ ለከተማው ጤና ቢሮ ጽፌያለሁ። የወፍጮ ቤቱን ቦታና ያንተን ስም ሰጥቻለሁ፣ የመሣሪያውን ወረቀት አያይዣለሁ። ስምህን ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት። ግን ልኬዋለሁ።

እህትህ


ሐምሌ 6 ቀን

እቱ፣

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ሰላምታ ማሳመሩ ዛሬ ከእኔ ርቋል።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ቤት አልነበርኩም፤ ሆስፒታል ነበርኩ። ባለቤቴ አምጥታ ኮሪደሩ ላይ ሰጠችኝ። ከእቴቴ ክፍል በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

ጫማው የላጠው ጣት አልድን አለ። መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ ጠቆረ፤ እሷ አያመኝም ትላለች። ስላላመማት ደህና ነው አልን። ደግሞ ውሃ ጥም ያዛት፤ ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ አትረካም። ሙቀቱ ነው አልኩ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት በር ላይ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ወደቀች። በዱቄት ማመላለሻው መኪና ይዘናት ሄድን፤ ልብሷ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ኪኒኗን ትወስዳለች?» አለ። እኔ «እንግዲህ…» ብዬ ቃል ስፈልግ ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐኪሙ አነበበው። ገለበጠው። ከዚያ ፎቶሽን በጣቱ እየመታ «ይህችን ሴት ዶክተር ያላት ማን ነው? ነውረኛ ናት» አለ። እቴቴ ከአልጋው ቀና አለች። ድምፅ ይወጣታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሰው የሚጎዳ ነገር አትሠራም» አለችው።

እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ አየችኝ፤ ያኔም ዝም አልኩ።

ከግራ እግሯ ትንሿንና ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ጣት ቆረጧት። ሌላው ይተርፋል ብለዋል። አሁን ቤት ናት።

የጠየቅሽኝን እንግዲህ እመልሳለሁ። ዱቄቱን ትወስድ ነበር፤ ጠዋትም ማታም። ኪኒኑን አቁሚ አላልኳትም፣ በልጆቼ እምላለሁ። ፓኬቱን ስታይ ራሷ ናት «ልጄ ይህን ሠርታልኝ እያለ የሰው ኪኒን ምን ያደርግልኛል?» ያለችው። አቁሚ አላልኩም፤ አታቁሚም አላልኩም። ደንበኛ ሲያመነታ «እናቴን ጠይቋት» እላለሁ፤ እሷ ከበሩ ላይ ትመሰክራለች። ገበያው በእሷ ምስክርነት ነበር የቆመው። እንዴት አድርጌ ተይው ልበላት?

የጤና ቢሮ ሰዎች መጥተው ፓኬቱን የምናዘጋጅበትን የኋላ ክፍል አሽገውታል። ማን እንደጻፈላቸው ነግረውኛል። የዚያን ዕለት ጠላሁሽ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም። ደብዳቤው ግን የደረሳቸው እሷ ከወደቀች በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ደርሷቸው ቢሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

እስከ ዛሬ ዱቄቱን ያንቺ ነው ብላ ነው የምታምነው። ሐኪሙን ስታማ ነው የምትውለው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 1 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ሥራ ሳልገባ ቀረሁ። አለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ንዴቱ እንባውን ቀደመው።

ያ ሐኪም ነውረኛ ስላለኝ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እለው ነበር። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ሁለት ጣቷን ልታጣ የተኛች ሴት ስለ እኔ ቀና ብላ ስትሟገት፣ አንድ ቃል ብቻ የሚበቃህ አንተ አጠገቧ ቆመህ ያንን ቃል መዋጥህ ነው። እንዴት ወረደልህ? ደግሞ አሁንም አልነገርካትም። እሷ ምንም ያላጠፋውን ሐኪም ስታማ አንተ ሻይ ታቀርብላታለህ።

በራስህ አፍ ንገራት። እኔ ከዚህ ሆኜ በስልክ አልነግራትም፤ ያንተን ሸክም ከእጅህ አልቀበልህም። ከዚያ የሸጥክላቸውን ሰዎች ዞረህ ንገር፤ ሕፃን ካለበት ቤት ጀምር። ፓኬቱን መልሰህ ተቀበል። ሐኪሙ ጋ ሂድና ዶክተር የተባለችው ሴት ምን እንዳደረገችና ምን እንዳላደረገች አስረዳው፤ ለእኔ ክብር ሳይሆን ሌላ በሽተኛ እንዲህ ያለ ፓኬት ይዞ ቢመጣ እንዲያውቅ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሲሰጡኝ እመጣለሁ። እስክትነግራት ግን አትጻፍልኝ።


መስከረም 25 ቀን

እቱ፣ ሰላም ለቤትሽ ይሁን፣

ነገርኳት።

ምሳ ከበላን በኋላ ልጆቹን አስወጥቼ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ስጀምር መሬት መሬት እያየሁ ነበር። «ቀና በል» አለችኝ። ቀና አልኩ። ዱቄቱን እኔ እንደሠራሁት፣ አንቺ እንደማታውቅ፣ ስታውቂም እንደተቆጣሽ ነገርኳት። «ስኳር ጨምረህበታል?» አለች።

«አዎ።»

«ሻይ የምንጠጣበትን?»

«አዎ፣ እማ።»

«ጣፍጦኝ ነበር» አለች። «እጇ ነው ብዬ። ልጅቱ እጇ ይጣፍጥ ነበርና።»

እራት ባለቤቴ ስታቀርብላት በላች፤ እኔ ውሃ ስሰጣት አልተቀበለችኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለባብሳ አገኘኋት። «ክራንቼን አምጣ፤ እንሄዳለን» አለች። «እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ አረፍ በይ» ብላት «የሸጥከው አንተ ነህ፣ የመሰከርኩት ግን እኔ ነኝ። ምስክርነቴን አንተ ታነሳልኛለህ?» አለችኝ። ክራንቹን አመጣሁላት።

ቤት ለቤት ዞርን። እኔ ከኋላ ባዶ ጆንያ ይዤ፣ እሷ ከፊት በክራንች። መጀመሪያ የሄድነው የልብስ አጣቢዋ ቤት ነው፤ የምታጠባው ልጅ አላት። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ እቴቴ ቀደመችኝ። «ይህ ዱቄት የልጄ አይደለም» አለቻት። «የልጄ ቢሆን ኖሮ በሁለት እግሬ ቆሜ እነግርሽ ነበር። ልጅሽ ቀምሷል?» ሴትዮዋ ለልጁ ሳትሰጠው ራሷ ስትበላው ነበር። እቴቴ በሩን ተደግፋ ተነፈሰች።

አንዳንዱ ሰደበኝ። አንዱ ፓኬቱን ፊቴ ላይ በትኖ በሩን ዘጋ፤ ፉርሽካው ከቅንድቤ ላይ እስኪራገፍ እቴቴ ቆማ ጠበቀችኝ፣ አላዘነችልኝም። መምህሩ ብቻ አልመልስም አለ። «እኔን ጠቅሞኛል» ብሎ ፓኬቱን አቀፈው። እቴቴ «እንግዲያው ከጓሮ ሄደህ በነፃ ዝገን፤ ከብቶቹ ፎቶ ሳያዩ ነው የሚበሉት» አለችው። ሰጠን።

ሐኪሙም ጋ ሄጃለሁ። እስክጨርስ ሰማኝ። «ለምን ያን ዕለት አልነገርከኝም?» አለ። አፍሬ ነው አልኩት። ፓኬቱን ለተማሪዎቹ ማሳያ አስቀርቶታል፤ ፎቶሽን ግን ቀዶ ሰጥቶኛል።

ትናንት እቴቴ የተጻጻፍነውን ሁሉ አምጣ አለችኝ። ያንቺን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ የእኔንም ረቂቆቻቸውን አስቀርቼ ስለነበር ጨመርኩ። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበቻቸው። ከዚያ «ወረቀት ተርፎሃል?» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ጽሑፍ ነው።


ለልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ። ኪኒኔን ጀምሬያለሁ፤ እግሬ እየጠገገ ነው።

የጻፋችሁትን አነበብኩ። እሱ ስለ እኔ ይጽፋል፣ አንቺ ስለ እኔ ትጽፊያለሽ። እሱ እንዳልሰማ ይደብቃል፣ አንቺ ንገራት ትያለሽ። እግሩ የእኔ ነው፣ ሆዱም የእኔ ነው። ኪኒኑን የተውኩት እኔ ነኝ፤ «ለምን ተውሽ?» ብሎ እኔን የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም። ከባሕር ማዶ ያን ያህል ወረቀት ሲመላለስ አንዲቷ በእኔ ስም ብትመጣ ኖሮ፣ ሁለት ጣቶቼ ዛሬ ጫማ ውስጥ ነበሩ። ሥራ ላይ ሳለሁ የሰው ልክ ስጽፍና ሳነብ ነው የኖርኩት። አንድ እጅጌ አጥሮብኝ አያውቅም። ማንበብ እንደማልችል ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ።

እሱን ተቆጥቼዋለሁ፤ ገና አልጨረስኩም። አንቺንም ስትመጪ እቆጣሻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ትክክለኛው ዱቄት፣ ባክቴሪያ በመቀሷ የምትቆርጠው፣ ለእንደ እኔ ዓይነቷ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ካልታወቀ አልታወቀም በይ፤ አልቀየምሽም። መልሱን ለእኔ ጻፊ፤ ፖስታው ላይ የእኔ ስም ይሁን። እሱ ምን እንዳልሽ ማወቅ ከፈለገ እኔ አነብለታለሁ።

እቴቴ